ካምፐር ቫን ቆሞ ሲሰካ፦ ቻርጀሩን፣ ባትሪውንና የአጠቃቀሙን ሥርዓት ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ካምፐር ቫን፣ ማለትም ማደሪያ ሆኖ የተሠራ መኪና፣ መንገድ ላይ ሳለ ኤሌክትሪኩን ከሞተሩ ዲናሞና ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ያገኛል፤ ማረፊያ ቦታ ደርሶ ከውጭ መስመር ጋር ሲያያዝ ግን የኃይሉ ነገር መልኩን ይለውጣል። ብዙ ሰው ገመዱን ሰክቶ የቻርጀሩ መብራት መብራቱን ካየ በኋላ ስለ ኃይል ማሰብ ያቆማል። እኔም ቫን ውስጥ ማደር በጀመርኩበት ጊዜ እንዲሁ ነበርኩ፤ የተሰካ መኪና እንደ ቤት የሚያገለግል መስሎኝ ማሞቂያው እየሠራ ውሃ ጣድኩና መስመሩ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ፍጆታ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር የነበረው የማረፊያው ሠራተኛ ብቻ በሚከፍተው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ስለነበር፣ እስኪነጋ ድረስ ያለ ማሞቂያ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን አደርን። ከዚያ ወዲህ ለተሰካ ቫን የሚሆነውን ዕቃ ስመርጥም ሆነ ሌላው እንዲመርጥ ስመክር አስቀድሜ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ መስመሩ ስንት አምፒር ይሰጣል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ዕቃዎች ተደምረው ስንት ይወስዳሉ፣ ቫኑስ ሳይንቀሳቀስ ለምን ያህል ጊዜ ተሰክቶ ይቆማል? የእነዚህ መልስ ከታወቀ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል።

መስመሩ የሚሰጠው ልክ

በአውሮፓ ማረፊያዎች የተለመደው 230 ቮልት ሲሆን መስመሩ 6፣ 10 ወይም 16 አምፒር ይሰጣል። ቮልቱ በአምፒሩ ሲባዛ ዋቱ ይገኛል፤ ስለዚህ 6 አምፒር 1,380 ዋት፣ 10 አምፒር 2,300 ዋት፣ 16 አምፒር ደግሞ 3,680 ዋት ነው። በሰሜን አሜሪካ የ30 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል፤ የ50 አምፒሩ ሁለት የ120 ቮልት መስመሮችን አጣምሮ ስለሚያመጣ እስከ 12,000 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ 30 እና 50 የሚሉት ቁጥሮች የተቀራረቡ ቢመስሉም በኃይል መጠን ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቃሉ። በዚያው አገር ቫኑ በማስተላለፊያ ከተራ የቤት ሶኬት ጋር ሲያያዝ የሚገኘው 15 አምፒር፣ ማለትም 1,800 ዋት ብቻ ነው፤ ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚሠራ ዕቃ ካለ ደግሞ ከዚህም 80 በመቶውን ብቻ መጠቀም ይመከራል።

በ10 አምፒር መስመር ላይ ያለ አንድ ቀዝቃዛ ማለዳ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,000 ዋት ይወስዳል፤ በሙቀት የሚሠራው ባለ ሦስት ምንጭ (በጋዝ፣ በ12 ቮልትና በውጭ መስመር የሚሠራ) ፍሪጅ 150 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ሌሊቱን የደከመውን ባትሪ በ30 አምፒር የሚሞላው ቻርጀር ደግሞ የራሱ ብክነት ተጨምሮ ወደ 490 ዋት ይጠጋል። እስከዚህ ድረስ 1,640 ዋት ነው፤ ችግር የለም። አሁን 2,000 ዋት የሚወስድ የቤት ውሃ ማፍያ ቢሰካ ድምሩ ከ3,600 ዋት በላይ ይሆንና ብሬከሩ ይቆርጣል። በምትኩ 900 ዋት የሚወስደው የጉዞ ማፍያ ቢሰካ ድምሩ 2,540 ዋት ይሆናል፤ አሁንም ከልኩ በላይ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ያህል ትንሽ ብልጫ ብሬከሩ ወዲያው ላይቆርጥ ይችላል፤ ቀስ እያለ ሞቆ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ሊወርድ ስለሚችል ሰው የትኛው ዕቃ እንዳወረደው ግራ ይጋባል። መፍትሔው ሌላ ዕቃ መግዛት ላይሆን ይችላል፤ የቻርጀሩን ከረንት ከ30 ወደ 10 አምፒር ዝቅ ማድረግ ከተቻለ ድምሩ 2,215 ዋት ገደማ ይሆንና ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ማፍያው አንድ ሊትር ለማፍላት ሰባት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ትልቁ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይበቃው ነበር። የሚከፈለው ዋጋ የአራት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ቻርጀር፦ ሦስቱ አማራጮች

በተሰካ ቫን ውስጥ ከፍተኛውን ልዩነት የሚያመጣው ዕቃ ከውጭ የሚመጣውን ኃይል ወደ 12 ቮልት የሚለውጠው ነው። በአሮጌ ቫኖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቮልቱ የማይለዋወጥ ኮንቨርተር ነው፤ ባትሪው ባዶም ይሁን ሙሉ፣ ብርድም ይሁን ሙቀት፣ ወደ 13.6 ቮልት አካባቢ እየሰጠ ይቆያል። ይህ ቮልት በቫኑ ውስጥ ላሉት መብራቶች፣ ለውሃ ፓምፑና ለቬንቲሌተሩ በቂ ነው፤ ለባትሪው ግን ሁለት በኩል ጎዶሎ ነው። የደከመ ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበት የተለመደው ዓይነት) ባትሪን እስከ ጫፍ ለመሙላት ስለሚያንስ ሥራው በጣም ይጓተታል፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ ለወራት በዚያው ቮልት፣ በተለይ በሙቀት ወቅት፣ ሲያዝ ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ይደርቃል። እንዲህ ያለ ኮንቨርተር ያለው ሰው ባትሪው በሁለት ወቅት ውስጥ ሲሞትበት ጥፋቱን በባትሪው ላይ ይጥላል፤ ባትሪ ቀይሮ ኮንቨርተሩን ሲተወው ታሪኩ ይደገማል።

ሁለተኛው አማራጭ በደረጃ የሚሞላው ቻርጀር ነው። በመጀመሪያ ሙሉ ከረንቱን ይሰጣል፤ ባትሪው 14.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ ከረንቱ እያነሰ እንዲሄድ ይተወዋል፤ ባትሪው ሲሞላም ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ወርዶ ጥበቃ ላይ ይቆያል። የባትሪውን ዓይነት መምረጫ ያለው ስለሆነ ቮልቱን ለጄል ትንሽ ዝቅ፣ ለኤጂኤም ትንሽ ከፍ ያደርጋል (ሁለቱም አሲዱ እንዳይፈስ ሆነው የተዘጉ የሊድ አሲድ ዓይነቶች ናቸው)፤ ጥሩ የሚባለው ባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያም አብሮት ይመጣል። ሲገዛ ሁለት ነገር እንዲታይ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው ከረንቱን በእጅ ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው፤ ከላይ ባለው የማለዳ ስሌት ነገሩን የፈታው ይኸው ነው። ሁለተኛው ቻርጀሩ ከቫኑ የ12 ቮልት ፍጆታ መብለጡ ነው። ፍሪጁ፣ የዲዝል ማሞቂያው ማራገቢያና መብራቶቹ ተደምረው 12 አምፒር ሲወስዱ ቻርጀሩ 10 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ የጎደለውን 2 አምፒር ባትሪው ይሞላዋል፤ ቫኑ ተሰክቶ እያለ ባትሪው በቀስታ ያልቃል፤ ባለቤቱም ምን እንደሆነ አይገባውም።

ሦስተኛው ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ እና ቻርጀር በአንድ አካል የተዋሃዱበት ነው። መስመር ሲኖር ባትሪውን ይሞላል፤ መስመር ሲቋረጥ በሰከንድ ቁራሽ ውስጥ ወደ ባትሪ ይቀይራል፤ ላፕቶፕም ሳይጠፋ ይቀጥላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በተሻሉት ሞዴሎች ላይ ከውጭ የሚወሰደውን ከፍተኛ ከረንት በቁጥር መወሰን ይቻላል፤ ለምሳሌ 10 አምፒር ተብሎ ከተሞላ ዕቃው ከዚያ በላይ ከመስመሩ አይስብም። ፍጆታው ከልኩ ካለፈ መጀመሪያ የቻርጀሩን ድርሻ ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ የጎደለውን ከባትሪው አውጥቶ ይጨምራል። ቪክትሮን የተባለው አምራች ይህን ተግባር ፓወር አሲስት ይለዋል፤ ሌሎችም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ወደ ማለዳው ስሌት ስንመለስ፣ ማሞቂያው፣ ፍሪጁና ባለ 2,000 ዋቱ ማፍያ አብረው ሲሠሩ 3,150 ዋት ይፈልጋሉ፤ መስመሩ 2,300 ዋት ሲሰጥ ቀሪውን 850 ዋት ባትሪው ለሦስት ደቂቃ ይሸፍናል። ይህ 43 ዋት-ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ማፍያው እንደጠፋ ቻርጀሩ ተመልሶ ይተካዋል። በ6 አምፒር መስመር ላይ ለወራት ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም። ጉዳቱም ሊደበቅ አይገባም፤ ከባድ ነው፣ ከባትሪው የሚወጡት ገመዶች ወፋፍራም መሆን አለባቸው፣ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም በርቶ እስካለ ድረስ ከ10 እስከ 30 ዋት ይበላል፤ ገጠማውም የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ቅዳሜና እሑድ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ከረንቱ የሚስተካከል በደረጃ የሚሞላ ቻርጀር ይበቃዋል፤ ኢንቨርተር ካስፈለገውም ለብቻው ትንሽ ይግዛ። ቫኑን ቤቱ ያደረገና መስመሩ ደካማ በሆነበት የሚቆም ግን ወደ ተዋሃደው ቢሄድ አይቆጭም። ቮልቱ የማይለዋወጠውን አሮጌ ኮንቨርተር በማንኛውም አኳኋን ይዞ መቀጠልን አልደግፍም።

ባትሪው ላይ የሚወጣው ገንዘብ

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ከሊድ አሲድ ይሻላል የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ያለ ማብራሪያ ይነገራል። የሁለቱም አቅም 100 አምፒር-ሰዓት (ለምሳሌ 10 አምፒር ለአሥር ሰዓት ያህል የሚሰጥ መጠን) ከሆነ፣ ሊድ አሲዱ ዕድሜውን ለመጠበቅ ሲባል ግማሹን፣ ማለትም 50 አምፒር-ሰዓት ያህል ብቻ መጠቀም ሲመከር፣ ሊቲየሙ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ያለ ስጋት ይሰጣል፤ ክብደቱም ግማሽ ገደማ ነው፤ ተሞልቶ የሚለቀቅበት ዙርም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይሁን እንጂ እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ የሚታዩት ባትሪው በየቀኑ ሲሠራ ነው። ቫኑ ከዓመት አብዛኛውን ጊዜ ተሰክቶ የሚቆም ከሆነ ባትሪው ከሥራ ይልቅ የሚጠብቀው ተጠባባቂነት ነው፤ ለተጠባባቂነት ደግሞ በትክክለኛ ቻርጀር የተያዘ ኤጂኤም ጥሩ አድርጎ ያገለግላል። ሊድ አሲድ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት ይወዳል፤ ሳይሞላ ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አቅሙ ይወርዳል። ሊቲየሙ ተቃራኒው ነው፤ ለወራት 100 በመቶ ላይ ተይዞ መቆየት፣ በተለይ በሙቀት፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አንድ ሁኔታ ይህን ፍርድ ይገለብጠዋል። ከላይ የተባለው የተዋሃደ ኢንቨርተር 850 ዋት ሲያግዝ ከ12 ቮልት ባትሪው 75 አምፒር ያህል ይስባል። ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊድ አሲድ ይህን ሲጠየቅ ቮልቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ኢንቨርተሩም ባትሪው ያለቀ መስሎት ሊጠፋ ይችላል። ሊቲየሙ ግን ሳይደናገጥ ይሰጣል። ስለዚህ የተዋሃደውን የሚገዛ ሰው ሊቲየሙን አብሮ ቢያስብበት ይሻላል፤ ተራ ቻርጀር የሚገዛውና ሁልጊዜ የሚሰካው ግን ለሊቲየም የሚያወጣው ገንዘብ ብዙም አይመለስለትም።

በብርድ አገር የሚቆም ሰው ሌላም ማወቅ አለበት፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሞላት የለበትም። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ይህን የሚከለክል መሆኑን ወይም ባትሪው የራሱ ማሞቂያ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ በክረምት ሰክቶ መሄድ ባትሪውን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል።

ስለ ባትሪ ልክ ማንበብም አንድ ነገር ልጨምር። ቫኑ ተሰክቶ እያለ ግድግዳው ላይ ያለው የቮልት ማሳያ 13.6 ቢል ባትሪው ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ የሚነበበው የቻርጀሩ ቮልት ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ገመዱን ነቅሎ፣ ዕቃዎቹን አጥፍቶ፣ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ መለካት ያስፈልጋል፤ ያኔ ሊድ አሲድ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካሳየ ግማሽ ነው። ለሊቲየም ይህም አያስተማምንም፤ ቮልቱ ከሙላት እስከ ማለቂያው አቅራቢያ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት የሚቆጥር መለኪያ መግጠም ግድ ነው።

ሙቀት፦ በኤሌክትሪክ ወይስ በነዳጅ?

እዚህ ላይ ምርጫው የሚወሰነው በሒሳቡ አከፋፈል ነው። ማረፊያው ኤሌክትሪኩን በአንድ ቀን ክፍያ ውስጥ አስገብቶ ከሆነና መስመሩ 10 አምፒር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በኤሌክትሪክ መሞቅ ንጹሕና ቀላል ነው። በቆጣሪ የሚከፈል ከሆነ ግን 1,000 ዋት ማሞቂያ ለአሥር ሰዓት ሲሠራ 10 ኪሎ ዋት-ሰዓት እንደሚቆጥር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ግራም ፕሮፔን በውስጡ ከ12 ኪሎ ዋት-ሰዓት በላይ ሙቀት ስለያዘ ዋጋቸውን ጎን ለጎን ማየት አያስቸግርም። በ6 አምፒር ላይ ደግሞ ሙቀቱን ለጋዝ ወይም ለዲዝል ትቶ ኤሌክትሪኩን ለቀረው ማዋል ይሻላል። ነዳጅ የሚያቃጥል ማሞቂያ ባለበት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሳይኖር መተኛት የለበትም።

ገመዱና መከላከያው

ለትልልቆቹ ዕቃዎች ብዙ ከታሰበ በኋላ ገመዱ እንደ ተራ ነገር ይገዛል፤ እሳት ግን ከዚሁም ሊነሳ ይችላል። ለ16 አምፒርና ለ25 ሜትር የሚመረጠው እያንዳንዱ ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ለውጭ አየር የተሠራ ጎማ ለበስ ገመድ ነው። በሙሉ 16 አምፒር ሲሠራ 5.6 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ 90 ዋት ገደማም ገመዱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቀጭኑ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን ሙቀቱ ወደ 150 ዋት ይወጣል። ይህ ሙቀት በ25 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ሲበተን አይታወቅም፤ በመጠቅለያው ላይ ተጠምጥሞ ሲቀር ግን አንዱ ዙር ሌላውን እያጋለ ይከማቻል። አንድ ጎረቤቴ አምስት ሜትር ብቻ ስቦ ቀሪውን ጠቅልሎ ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያ ሲያሠራ አደረ፤ ጠዋት መጠቅለያውን አብረን ስንፈታው ላይኛው ዙር በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ነበር፣ ውስጠኛዎቹ ዙሮች ግን ለስልሰው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር፤ ስንለያያቸው የአንዱ ሽፋን ከሌላው ጋር ተላጠ። ርቀቱ አምስት ሜትር ቢሆንም ገመዱ ሁሉ ተፈትቶ፣ ሳይደራረብ፣ ቫኑ ሥር ይዘርጋ። ሁለት ገመድ መያዝ የሚችል ደግሞ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ቢይዝ ከአንድ በጣም ረጅም ገመድ ይሻለዋል።

የቫኑ አካል ብረት፣ እግሮቹ ጎማ መሆናቸውም መረሳት የለበትም። የኧርዝ ሽቦው በሆነ ቦታ ከተቆረጠና አንድ ዕቃ ውስጡ ከተበላሸ መላው የቫኑ አካል ኃይል ሊሸከም ይችላል፤ ውስጥ ያለው ሰው ምንም ሳይሰማው፣ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካውን ኮረንቲ ይይዘዋል። ለዚህ ነው 30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ ሲያገኝ በቅጽበት የሚቆርጠው መከላከያ ቫኑ ውስጥ መኖር ያለበት፤ የመሞከሪያ ቁልፉም በየጊዜው መጫን አለበት። በአንዳንድ ማረፊያዎች ኃይል ያለውና የሌለው ሽቦ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ አብዛኛው ዕቃ እንደወትሮው ስለሚሠራ አይታወቅም፣ ነገር ግን አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ሲጠፋ ዕቃው ውስጥ ኃይሉ እንዳለ ይቀራል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይህን በመብራት የሚያሳይ ትንሽ መሞከሪያ አለ፤ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ብሬከር ደግሞ ዋናው መፍትሔ ነው። ሲሰካ መጀመሪያ ቫኑ ላይ፣ ቀጥሎ የማረፊያው ሶኬት ባለበት ምሰሶ ላይ፤ ሲነቀል በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ከምሰሶው።

ሰው በሌለበት ጊዜ

ቫኑ ለወራት ያለ ሰው የሚቆም ከሆነ ሦስት መንገዶች አሉ፦ ሁልጊዜ ሰክቶ መተው፣ በየተወሰነ ጊዜ መጥቶ መሰካት፣ ወይም ነቅሎ ለሶላር መተው። ለሊድ አሲድ በደረጃ በሚሞላ ቻርጀር ሁልጊዜ ተሰክቶ መቆየት ጥሩ ነው፤ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ግን በየወሩ ደረጃውን ማየት፣ የሚወጣው ሃይድሮጂን እንዳይታፈንም የባትሪውን ሳጥን መተንፈሻ መክፈት ያስፈልጋል። ጣሪያው ጥላ የማያርፍበት ከሆነ አነስተኛ ሶላር ከመቆጣጠሪያው ጋር ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ገመድ መሳብም አያስፈልግም። ለሊቲየም ሦስቱንም አልመርጥም፤ ወደ 50 ወይም 60 በመቶ አውርዶ፣ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ሶላሩንም አለያይቶ መሄድ ይበልጣል። ማስጠንቀቂያ ደወሎችና የሬዲዮ ማስታወሻዎች ትንሽ ትንሽ ስለሚስቡ ዋናው ማብሪያ በትክክል መቁረጡን በመለኪያ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜ መጥቶ ልኩን ማየት፣ ወደ 30 በመቶ ከወረደም ጥቂት ሰዓት ሰክቶ ወደ ነበረበት መመለስ ይበቃል።